ስለ ጥቁር አሜሪካዊያን ሴቶች ልብወለድ የምንሳሳታቸው ነገሮችና እውነታው

እዚህ አሜሪካ ከሀበሻ ጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብለን ስናወራ ጨዋታው ወደ ጥቁር አሜሪካዊያን ከሄደ አንድ የማትቀር አባባል አለች፣ "እነሱ እኮ ባህል የላቸውም፣ ባርነት ሁሉንም ወሰደባቸው" የምትል። በሰማኋት ቁጥር ያመኛል። ሴቶቻቸው የጻፉትን ያነበበ ሰው እንደዛ አይልም፣ ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

"ባህላቸው ጠፍቷል"

አሊስ ዎከር በ1973 ያወጣችው "ኤቭሪዴይ ዩዝ" የሚባል አጭር ልብወለድ አለ፣ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት እንደማለት ነው። ዲ የምትባል የተማረች ልጅ ገጠር ወዳለችው እናቷ ትመጣለች፣ ስሟን ቀይራ ዋንጌሮ ሆናለች፣ በጨቆኑኝ ሰዎች ስም መጠራት አልችልም ነው የምትለው፣ እናትየው ግን ስሙ ከአክስቷ፣ ለአክስቷም ከአያቷ እየተወራረሰ የመጣ መሆኑን ታስረዳታለች። ከዛ ዲ ሳጥን ከፍታ ሁለት ብርድ ልብስ ታወጣለች፣ እኛ ድሪቶ የምንለው ዓይነት፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ በእጅ የተሰፋ። አያትየው ከሃምሳ ዓመት በፊት የለበሰችው ቀሚስ አለበት፣ የወንድ አያት ሸሚዝ አለበት፣ የክብሪት ሳጥን የምታክል የነጣች ሰማያዊ እራፊ ደግሞ ቅድመ አያትየው በእርስ በርስ ጦርነቱ ከለበሰው ዩኒፎርም የተቀደደች ናት። ዲ ግድግዳ ላይ ልትሰቅላቸው ነው የፈለገችው፣ እናትየው ግን ለታናሽየዋ ለማጊ፣ ስታገባ እሰጥሻለሁ ብላ ቃል ገብታለች። ዲ "ማጊ እኮ በየቀኑ ለብሳ ትጨርሳቸዋለች!" ብላ ስትጮህ እናትየው ካለቁ ሌላ ትሰፋለቻ፣ ማጊ መስፋት ታውቃለች አለች። ማጊም ቀስ ብላ፣ ትውሰዳቸው፣ እኔ ያለ ብርድ ልብሱም አያቴን አስታውሳታለሁ ትላለች።

እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌ አቆማለሁ። ዲ የአፍሪካ ስም አወጣች፣ የአፍሪካ ልብስ ለበሰች፣ የአያቷን ሙያ ግን አልተማረችም። ማጊ ጣት ላይ ነው ያለው ቅርሱ።

"ሁሌ ስቃይ ብቻ ነው የሚጽፉት"

ስቃዩ አለ፣ ማንም አይክደውም፣ ግን ዞራ ኒል ኸርስተን በ1937 ያሳተመችውን "ዘይር አይስ ወር ዎቺንግ ጋድ" አንብቡት። ታሪኩ በአብዛኛው ኢተንቪል ላይ ነው፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በ1887 ጥቁሮች ራሳቸው ያቋቋሟት፣ ዞራም ያደገችባት ከተማ። ዋና ገፀ ባህሪዋ ጄኒ ሶስቴ ታገባለች፣ ሁለተኛ ባሏ የከተማው ከንቲባና ባለ ሱቅ ነው፣ ፀጉሯን ሌላ ወንድ እንዳያይባት ሱቅ ስትሆን በሻሽ አስሪ ብሎ ያስገድዳታል፣ ስንት ዓመት ሙሉ። የሞተ ቀን ሰው ከመጥራቷ በፊት መስታወት ፊት ቆማ ሻሹን ፈታ ፀጉሯን ለቀቀችው፣ አየችው፣ መልሳ አሰረችውና ለቅሶ ጠራች። የቀበሩት ዕለት ማታ ያለ የሌለ ሻሿን አቃጠለች፣ በነጋታው አንድ ወፍራም ሹሩባ ተሠርታ ከወገቧ በታች እየተወዛወዘ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ነው የምናያት። ታዋቂው ደራሲ ሪቻርድ ራይት ያኔ መጽሐፉን ቁም ነገር የለውም ብሎ ተችቶታል፣ በኔ እምነት ተሳስቷል፣ አንዲት ሴት ፀጉሯ የራሷ መሆኑን ማወቋ ቁም ነገር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው።

"የተሰበረ እንግሊዝኛ ነው"

አይደለም፣ የራሱ ሰዋስው አለው። "ሺ ቢ ወርኪንግ" ሲሉ አሁን እየሠራች ነው ማለታቸው አይደለም፣ ሥራ የዘወትር ልማዷ ነው ማለታቸው ነው፣ መደበኛው እንግሊዝኛ ይህን በግሱ ለይቶ ለመናገር ሌላ አነጋገር ይፈልጋል። ዞራ ደግሞ ባርናርድ ኮሌጅ ታዋቂው ምሁር ፍራንዝ ቦአስ ዘንድ አንትሮፖሎጂ (የሰው ልጅና የባህሉ ጥናት) የተማረች ሴት ናት፣ አገሯ ተመልሳ በረንዳ ላይ የሚወራውን ተረት ሰብስባ በ1935 አሳትማለች፣ ስለዚህ አውቃ ነው እንደዛ የጻፈችው። የወሎን ወይ የጎጃምን አነጋገር ልብወለድ ውስጥ ስናገኝ የተሰበረ አማርኛ እንላለን እንዴ?

"ወንዶቻቸውን ለማዋረድ ነው"

ይሄ የመጣው በዎከር "ዘ ከለር ፐርፕል" (1982) ነው። ባልየው ዋና ገፀ ባህሪዋን ሲሊን ይደበድባታል፣ እውነት ነው። መጨረሻ ላይ ግን ሁለቱ አብረው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ልብስ ይሰፋሉ፣ ልጅ ሆኖ ከእናቱ ጋር መስፋት ይወድ እንደነበርም ያወራታል። እስከዛ ሳያነቡ የሚፈርዱ ብዙ ናቸው።

"በቶኒ ሞሪሰን ነው የተጀመረው"

ሞሪሰን በ1993 ኖቤል ስላገኘች ይመስላል። ግን ሃሪየት ዊልሰን ልብወለዷን ያሳተመችው በ1859 ነው። እኛን በቀጥታ የሚነካ ደግሞ አለ፦ ፖሊን ሆፕኪንስ በ1902 እና 1903 ቦስተን በሚታተም መጽሔት ላይ በተከታታይ ያወጣችው "ኦፍ ዋን ብለድ"። ጥቁርነቱን ደብቆ የሚኖር የሕክምና ተማሪ ለቁፋሮ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ወዳለችው ጥንታዊት ከተማ ወደ ሜሮዌ ሄዶ የተደበቀች የኢትዮጵያ ከተማ ያገኛል፣ ንግሥቲቱም ህንደኬ ናት። ያኔ ኢትዮጵያ ሲሉ የመጽሐፍ ቅዱሷን፣ "እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች" የተባለላትን ነው በአብዛኛው የሚያስቡት፣ ከዓድዋ ስድስት ዓመት በኋላ አንዲት ጥቁር ሴት የማንነቷን ሥር ስትፈልግ የእኛን ስም ነው ያነሳችው። ይህን የሚያውቅ ሀበሻ ስንት ይሆን?

"ጥሩ መጽሐፍ በራሱ ጊዜ ይተርፋል"

የዞራ መጽሐፎች ከገበያ ጠፍተው ነበር። በ1960 በድህነት ስትሞት ፎርት ፒርስ፣ ፍሎሪዳ ምልክት በሌለው መቃብር ተቀበረች። አሊስ ዎከር በ1973 ፍለጋ ሄደች፣ ሰው እንዲረዳት የእህቷ ልጅ ነኝ እያለች፣ ወገብ የሚደርስ አረም ውስጥ ገብታ "ዞራ! አለሽ ወይ?" ብላ እየተጣራች። መቃብሩ ይሄ ነው ያለችው ቦታ ላይ ድንጋይ አስተከለች፣ በ1975 ያንን ጉዞ ጻፈችው፣ ከዛ በኋላ ነው አንባቢው ወደ ዞራ የተመለሰው። ድንጋዩ ላይ "የደቡብ ሊቅ" ይላል። የልደት ዓመቷ 1901 ተብሎ ነው የተቀረጸው፣ እውነተኛው 1891 ነው፣ ዞራ ዕድሜዋን ቀንሳ ትናገር ስለነበር ዎከርም የሰማችውን አምና አስጻፈችው።