ኬይፌብ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ስለ ፖለቲከኞች ሲያወራ «ይሄ ሁሉ ኬይፌብ ነው፤ በአማርኛ ውሸት ማለት ነው» አለ። ከእሱ በፊትም ሌላ ሰው ቃሉን «ማጭበርበር» ብሎ ሲፈታው ሰምቻለሁ። ሥራዬ የመድረክ እንቅስቃሴ ማስተማር ነው። ተዋንያን ሳይጎዱ እንዲደባደቡና እንዲወድቁ አሠለጥናለሁ፤ ስለዚህ ይህ ቃል እንዲህ ሲበላሽ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የሬስሊንግ ግጥሚያ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል። ይህን የማያውቅ ተመልካች ስለሌለ እዚያ ላይ አልቆይም። ኬይፌብ የሬስሊንግ ሰዎች ቃል ነው፤ ከአሜሪካ ተዘዋዋሪ ትርኢቶች ሰፈር እንደወጣ ይነገራል፤ ትርጉሙም የተያዘውን ታሪክ እንደ እውነት ይዞ የመቆየት ስምምነት ነው። ሁለቱ ተፋላሚዎች፣ ዳኛው፣ አስተላላፊው ጋዜጠኛና ወንበር ላይ የተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ የዚህ ስምምነት ተካፋዮች ናቸው። ስምምነትና ውሸት ደግሞ አንድ አይደሉም።

ሠርግ እናስብ። ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ሲደርስ የሙሽራዋ ወገን በሩን ይዞ «አናስገባም» ይላል። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወጡ ተሠርቷል፣ ሽማግሌዎቹ ከወራት በፊት ጨርሰዋል፤ ሙሽራው እንደሚገባ የማያውቅ አንድም እንግዳ የለም። ሆኖም ልጃገረዶቹ ይዘፍናሉ፣ ሚዜዎቹ ይገፋሉ፣ ይለምናሉ፣ እንደገና ይገፋሉ። በሩን የሚይዝ ቢጠፋ የሙሽራዋ እናት ቅር ይላታል። ከእንግዶቹ አንዱ ተነስቶ «ልታስገቡት ምን ያስዋሻችኋል?» ቢል፣ ውሸታሞችን አጋለጠ የሚለው የለም፤ ወግ አያውቅም ነው የሚባለው። ግፊያው ደግሞ እውነተኛ ግፊያ ነው። ጣቱ በበርና በመቃኑ መሐል የተቀረቀረ ሚዜ አይቻለሁ። ሰውየው ያመመውን ሕመም ማንም «ፌክ» አላለውም።

እዚህ ላይ ከራሴ ሙያ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ቴአትር ቤት ውስጥ ተመልካቹ በአንድ በኩል ስለሚቀመጥ ጥፊን መደበቅ እንችላለን። እጁ ፊቷ አጠገብ ያልፋል፣ እሷ ራሷን ታዞራለች፣ ድምፁን ከጀርባ በኩል በጭብጨባ እናወጣዋለን። ሪንግ፣ ማለትም የሬስሊንግ መድረክ፣ ግን በአራቱም ማዕዘን ሰው የከበበው ነው፤ በዚያ ላይ ካሜራው አፍንጫ ሥር ይገባል። የሚደበቅበት ጎን የለም። ስለዚህ ሬስለሩ አብዛኛውን ጊዜ በእውነት ይመታል፣ በእውነትም ይወድቃል። ወለሉ በብረት ላይ የተነጠፈ ሳንቃ ነው፤ በላዩ ስስ ስፖንጅና ሸራ አለበት። ጥበቡ አገጭን ደረት ላይ አጥብቆ፣ ክንድን ዘርግቶ፣ ምቱን ለጀርባ በሙሉ ማከፋፈል ነው። ሲወረወር የምታዩት ሰውም ግማሹን የሚዘለው ራሱ ነው፤ ካልዘለለ የወርዋሪው ወገብ ይሄዳል። (ይህን አንብቦ ፍራሽ ላይ የሚሞክር ልጅ ካለ እባካችሁ አስቁሙት። ተማሪዎቼ ወደ ኋላ መውደቅን የሚጀምሩት ከቁጢጥ ነው፤ ቆሞ ለመውደቅ ገና ብዙ ይቀራቸዋል። አንገት ተሰብሮ የሚጠገን ዕቃ አይደለም።)

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 3 ቀን 1997 በኒው ጀርሲ በተካሄደው ሰመርስላም የተባለ የሬስሊንግ ትርኢት ሬስለሩ ኦወን ሃርት ኢንተርኮንቲኔንታል የሚባለውን የሻምፒዮንነት ቀበቶ ይዞ ከስቲቭ ኦስቲን ጋር ገጠመ። ቀበቶው ወደ ኦስቲን እንዲያልፍ ተወስኗል። ኦወን ኦስቲንን ቁልቁል ዘቅዝቆ ይዞ ሲቀመጥ የኦስቲን አናት መውረድ ከሚገባው በላይ ወርዶ ከወለሉ ጋር ተጋጨ። ኦስቲን ለጊዜው ሰውነቱን ማንቀሳቀስ አቃተው። ያን ጊዜ ኦወን ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ መሳደብና መፎከር ያዘ። ለተመልካቹ ንቀት ይመስላል፤ እሱ ግን ለወደቀው ባልደረባው ጊዜ እየገዛ ነበር። ኦስቲን እየዳኸ መጥቶ ከኋላው ጠቅልሎ ጣለው፣ ዳኛው ሦስት ቆጠረ፣ ቀበቶው በታሰበው መንገድ ተሻገረ። ኬይፌብ የምለው ይህን ነው። ኦወን በዚያች ደቂቃ የዋሸው ማንን ነው? እኔ ያየሁት አንድ ባለሙያ የተጎዳ ጓደኛውንም ታሪኩንም ይዞ ሲቆም ነው።

ስምምነቱ ሲፈርስ የሚሆነውን ለማየት ሦስት ወር ወደፊት እንሂድ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን 1997፣ ሰርቫይቨር ሲሪስ የተባለው ትርኢት፣ ሞንትሪያል፣ ካናዳ። የኦወን ታላቅ ወንድም ብሬት ሃርት የትርኢቱ አዘጋጅ ድርጅት የደብሊው ደብሊው ኤፍ ሻምፒዮን ነው፤ ነገር ግን ከተፎካካሪው ድርጅት ከደብሊው ሲ ደብሊው ጋር ፈርሟል። የደብሊው ደብሊው ኤፍ ባለቤት ቪንስ ማክማሃን ሻምፒዮኑ ቀበቶውን ይዞ እንዳይሄድበት ሰግቷል። ብሬት ቀበቶውን መልቀቅ አልጠላም፤ በአገሩ በካናዳ፣ በምሽቱ ተጋጣሚው በሾን ማይክልስ እጅ ግን አይሆንም አለ። በውሉ የመጨረሻ ሠላሳ ቀናት በታሪኩ ላይ የመወሰን ድርሻም ነበረው። በመጨረሻ ግጥሚያው በግርግር እንዲያልቅና ቀበቶው በዚያ ምሽት ባለቤት እንዳይቀይር ተስማሙ።

ከዚያ ማይክልስ የብሬትን የራሱን የእግር ጥምዝ፣ ሻርፕሹተርን፣ ያዘበት። ብሬት እጅ አልሰጠም። ማክማሃን ግን ከሪንጉ ዳር ሆኖ ደወሉን አስደወለ። ዳኛው ኧርል ሄብነር ቶሎ ወጥቶ ሄደ፣ ቀበቶው የማይክልስ ሆነ። ብሬት ማክማሃን ላይ ተፋ፤ በጣቱ አየር ላይ የተፎካካሪውን ድርጅት ስም ጻፈ፤ በኋላም መልበሻ ክፍል ውስጥ በቡጢ መታው።

ወደ ሠርጉ ልመለስ። ልጃገረዶቹ «አናስገባም» እያሉ፣ ሙሽራው ዘፈኑ እስኪያልቅ እየጠበቀ ሳለ፣ አባትየው በሩን ከውስጥ በእውነት ቆልፎ ሙሽራዋን በጓሮ ለሌላ ሰው ቢድራት ምን ይባላል? ክህደት ነው። ክህደት የሚሆነውም ከዚያ በፊት የነበረው «አናስገባም» ውሸት ስላልነበረ ነው። ኬይፌብ እነሱ እንደሚሉት ውሸትና ማጭበርበር ቢሆን ኖሮ ብሬት ሃርት በምን ተጭበረበርኩ ይላል? ሙያተኞቹ የታቀደውን «ወርክ»፣ እውነተኛውን «ሹት» ይሉታል። ሞንትሪያል ሠላሳ ዓመት ሊሞላው እየተቃረበ ዛሬም የሚያነጋግረው፣ ከተጋጣሚዎቹ አንዱ ወርክ ነው ብሎ በገባበት ግጥሚያ የድርጅቱ ባለቤት ሹት ስለፈጸመበት ነው።

ተንታኙ አንድ መከራከሪያ አለው፤ ልንጠቅስለት ይገባል። ድሮ አዘጋጆቹ ለሕዝቡ ስፖርት ነው እያሉ ይምሉ ነበር። ባዕድ ሰው ወደ መልበሻ ክፍል ሲገባ «ኬይፌብ!» ማለት «አፋችሁን ያዙ» ማለት ነበር። በዚያ ዘመን አምኖ ቲኬት የቆረጠው ሰው ተታልሏል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1989 የማክማሃን ድርጅት ራሱ ለኒው ጀርሲ ሕግ አውጪዎች ሥራችን መዝናኛ ነው ብሎ በይፋ ተናገረ። ምክንያቱ ከስቴቱ የስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ክፍያ መውጣት ነበር። ከዚያ ወዲህ ተመልካቹ የሚገባው እያወቀ ነው። ቃሉ ሥራውን ቀየረ፤ ምስጢር መጠበቂያ የነበረው የጋራ ጨዋታ መጠሪያ ሆነ።

ስለዚህ ፖለቲከኛ መራጩን ሲዋሸው ኬይፌብ አትበሉት። መራጩ አልተስማማም፤ በሩ ላይ የሚዘፈነውን የሚያውቀው አንድ ወገን ብቻ ነው። ለዚያ «ውሸት» የሚል አጭርና ሙሉ የአማርኛ ቃል አለን። ሁለት ተቀናቃኞች አደባባይ ላይ ሲሰዳደቡ ውለው ማታ አብረው እራት ቢበሉ፣ ሕዝቡም ይህን እያወቀ ስድቡን ሊሰማ ቢወጣ፣ ያን ጊዜ ቃሉ ቦታውን አገኘ እላለሁ።

ኦወን ሃርት እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 1999 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ለዚያው የኢንተርኮንቲኔንታል ቀበቶ ሊጋጠም ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ ሲወርድ ወድቆ ሞተ። የያዘው መንጠቆ በቀላሉ እንዲፈታ የተሠራ ነበር፤ በእኛ መድረክ ሰው ሲንጠለጠል ሁለተኛ መያዣ ሳይኖር ከመሬት አይነሳም። ቴሌቪዥኑ በዚያች ቅጽበት የተቀረጸ ፊልም እያሳየ ስለነበር ቤቱ ያለው ተመልካች አልታየውም። አስተላላፊው ጂም ሮስ ይህ የትርኢቱ ክፍል እንዳልሆነ ለተመልካቹ ነገረው፤ ቆይቶም መሞቱን በቀጥታ ሥርጭት አረዳ። አዳራሹ ውስጥ ለነበሩት ግን በዚያ ምሽት ማንም አልነገራቸውም። ግጥሚያዎቹ ቀጠሉ።