የበረዶ አገሮች መንገድና የአዲስ አበባ ክረምት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሐምሌ ገብቶ የመሐል አዲስ አበባ አስፋልት መቦርቦር ሲጀምር በየታክሲው አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ እነ ፊንላንድና ካናዳ ወራት ሙሉ በረዶ ተጭኗቸው መንገዳቸው እንዴት ሳይፈርስ ቆየ? መልሱም እዚያው ይሰጣል፤ ገንዘብ አላቸው፣ ማሽን አላቸው፣ የእኛ ጉዳይ ሌላ ነው። ከእነዚህ መልሶች ግማሽ እውነት ያላቸው አሉ፣ ጭራሽ የተሳሳቱም አሉ።

«በረዶ ስለማይጋገርብን ከእነሱ የምንወስደው የለም»

እዚያም እዚህም መንገድ የሚያፈርሰው ውሃ ነው። እዚያ በስንጥቅ የገባው ውሃ ሌሊት በረዶ ሆኖ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምርና አስፋልቱን ከሥር ያነሣዋል። ሲቀልጥ ከሥር ክፍት ቦታ ይቀራል፤ ከባድ መኪና ሲያልፍበት ይሰምጣል። እዚህ ውሃው አይረጋም። ግን አውቶቡስ ወይም ገልባጭ መኪና ባለፈ ቁጥር በጎማው ክብደት ተገፍቶ በስንጥቁ ይገባል፣ ይወጣል፤ ሬንጁን ከጠጠሩ ያላቅቃል፣ ከሥር ያለውን ደቃቅ አፈር አጥቦ ያወጣል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ስንጥቅ ዳር ዳሩን ደርቆ የሚታየው ቡናማ የጭቃ እድፍ ይኸው የወጣ አፈር ነው። እድፉ ከታየ ጉድጓዱ ከሥር ተጀምሯል ማለት ነው፤ ላዩ እስኪከፈት የሚጠበቅበት ምክንያት የለም።

በበረዶ አገሮች ስንጥቅ የሚደፈነው በረዶው ሳይመጣ ነው። ለእኛ ይህ ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ስንጥቁ በአየር ግፊት ተነፍቶ አቧራው ይወጣል፣ መድረቁ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ትኩስ የስንጥቅ መድፈኛ ሬንጅ ይፈስበታል። አቧራው ሳይወጣ የፈሰሰ ሬንጅ ጎንና ጎኑን ስለማይዝ በበልግ ዝናብ እንደ ገመድ ተስቦ ይወጣል። ሥራው ከባድ አይደለም፤ የሚበላሸው ጽዳቱን ለመዝለል ሲባል ነው።

ባለሙያዎቹ ራሳቸውም ድንበሩን አስፍተውታል። የዓለም መንገድ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1969 በርሊን ላይ የጀመረው የበረዶ ወቅት የመንገድ ጉባኤ፣ በ2022 በካናዳዋ ካልጋሪ አስተናጋጅነት ሲካሄድ መንገድ የአየር ንብረት ጉዳትን የሚቋቋምበትን ጉዳይ በስሙ ላይ ጨምሯል።

«ጨው ከተበተነ በረዶው ይቀልጣል፤ ሲበዛ ደግሞ የበለጠ ይቀልጣል»

ከአፋር ጨው የሚመጣልን ስለሆነ፣ ከተማው ላይ በረዶ ጥሎ አስፋልቱ ነጭ በሆነ ቀን «ጨው ቢበተንበትስ?» የሚል አይጠፋም። ጨው ሙቀት አይሰጥም፤ ውሃው የሚረጋበትን የሙቀት መጠን ዝቅ ያደርጋል እንጂ። የተለመደው የገበታ ጨው በክብደት 23.3 በመቶ ሲሆን ብሪኑ (ጨው የሟሟበት ውሃ) እስከ 21 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሳይረጋ ይቆያል። ከዚያ በላይ ጨው ሲጨመር የሚረጋበት ነጥብ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ብሪን ለማዘጋጀት 30 ኪሎ ጨው በ100 ሊትር ውሃ ማሟሟት ይበቃል። አስፋልቱ ራሱ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች አካባቢ ሲደርስ ግን ጨው ሥራው እጅግ ስለሚዘገይ ወደ ካልሲየም ክሎራይድና ማግኒዥየም ክሎራይድ ይዞራሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ቁም ነገር አሠራራቸው ነው። በእንግሊዝ አመዳይ ይጥላል ሲባል ቀድሞ የሚበተነው በካሬ ሜትር 10 ግራም ያህል ነው፤ ከባድ በረዶ ሲጠበቅ ከ20 እስከ 40 ግራም ይሆናል። 7 ሜትር ስፋት ላለው መንገድ 20 ግራም ማለት በኪሎ ሜትር 140 ኪሎ ነው። አንድ ጊዜ ከአስፋልቱ ጋር የተጣበቀን በረዶ ለማላቀቅ ግን ብዙ እጥፍ ጨው ይጠይቃል፤ ስለዚህ ይቀድሙታል። ጀርመኖች ደግሞ በክብደት 70 እጅ ደረቅ ጨው ከ30 እጅ ብሪን ጋር አርሰው ይበትናሉ፤ የረጠበው ጨው እየነጠረ ወደ ዲች (የመንገድ ዳር የውሃ ቦይ) አይገባም።

በአዲስ አበባ በረዶ ሲጥል አስፋልቱ ከዜሮ በላይ ስለሆነ በረዶው ያለ ጨው ይቀልጣል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው፤ በረዶው ከረገፈ ቅጠልና ከፌስታል ጋር ተቀላቅሎ የማንሆሉን ፍርግርግ ይደፍነዋል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው አካፋ የያዘ ሰው ዝቅተኛው ፍርግርግ ጋ መድረሱ ነው።

«በክረምት ጉድጓድ መጠገን ብር ማፍሰስ ነው፤ መስከረም ይጥባ»

ከሁሉም የሚከፋው ይህኛው ነው። በሰኔ አንድ የጎማ ስፋት የነበረው ጉድጓድ መስከረም ሲደርስ ቤዙ (ከአስፋልቱ ሥር ያለው የጠጠር ንጣፍ) ታጥቦ ጥገናው ሙሉ ቁፋሮ ይሆናል። እስከዚያው የሚደፋው ገረጋንቲም በሁለት ዝናብ ይታጠብና ወርዶ ዲቹን ይሞላል፤ አንድ ችግር ሁለት ይሆናል።

አሜሪካና ካናዳ ውስጥ በ8 ቦታዎች፣ በተለያየ የአየር ጠባይ፣ ከ1,200 በላይ ጥገናዎች ተሠርተው የተከታተሉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1991 ተጀምሮ ነበር። ውጤቱ ብዙ መሐንዲስ አስገርሟል፤ ጥሩ ቀዝቃዛ የአስፋልት ድብልቅ ከተገኘ፣ ሞልቶ በመኪና ጎማ መጠቅጠቅ ብቻ አራት ማዕዘን ተቆርጦ ከሚሠራው ጥገና የማይተናነስ ዕድሜ ሰጥቷል። ልዩነቱን የፈጠረው ድብልቁ ነው። እርካሽ ድብልቅ በስንት ጥንቃቄ ቢሞላም ይወጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቆመው ውሃና የላላው ጠጠር ይወጣል፤ ጉድጓዱ እርጥብ ቢሆን ጥሩ ቀዝቃዛ ድብልቅ ይችለዋል፣ የቆመ ውሃ ግን አይችልም። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው በሁለት ወይም በሦስት ንብርብር ይሞላል፤ በአንድ ጊዜ የተደፋ ድብልቅ ላዩ ብቻ ተጠቅጥቆ ታቹ ልል ሆኖ ይቀራል። ከዚያ የተጫነው ገልባጭ መኪና ጎማ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ይመላለስበታል። ሲያልቅ መሐሉ ከአስፋልቱ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ መታየት አለበት። እኩል ከሆነ ትራፊኩ ይበልጥ ይጠቀጥቀዋል፣ ይሰረጉዳል፣ ውሃ ይቆምበታል፣ ከዳር ጀምሮ ይፈታል።

ተቆርጦ የሚሠራ ከሆነ ጤነኛው አስፋልት እስኪገኝ ጎኑ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፤ መጠቅጠቂያው ደግሞ ከተቆረጠው ቦታ ስፋት ያነሰ መሆን አለበት። ትልቅ ሮለር ሁለቱ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል፤ መሐሉን አይነካውም። ላዩ ለጥ ብሎ ሲያበራ ሥራው ያማረ ይመስላል፣ በወሩ ይሰምጣል።

ቀዝቃዛ ድብልቅ ሲገዛ ሦስት ነገር ይታያል፤ ጠጠሩ የተፈለጠና ባለ ጠርዝ መሆኑ (የወንዝ ድንጋይ አይሆንም)፣ ዱቄት የሌለበት መሆኑ፣ ሬንጁ ጠጠሩን በውሃ የማይለቅ መሆኑ። የመጨረሻውን ለመፈተሽ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ጥቂት ድብልቅ በሚፈላ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይቆይና ይወጣል። ጠጠሩ ራቁቱን ከታየ አይገዛም።

ትኩስ አስፋልት ከተመረጠ ጠላቱ የከተማው ትራፊክ ነው። ከ80 ዲግሪ ገደማ በታች ከወረደ በኋላ ምንም ቢጠቀጠቅ አይያያዝም። ከከተማ ዳር ካለ ማምረቻ በክፍት ገልባጭ ተጭኖ፣ ዝናብ እየመታው፣ ሜክሲኮ ላይ ሰዓት ቆሞ የደረሰ ድብልቅ ላዩ ቅርፊት ሠርቶ ይመጣል። በበረዶ አገሮች ለዚህ ሙቀት ጠባቂ ሳጥን የተገጠመላቸው የጥገና መኪኖች አሉ። እኛ ጋ ቢያንስ ወፍራም ሸራና አንድ ባለ ዘንግ ቴርሞሜትር ይገኛል፤ ቴርሞሜትሩ ከመራገፉ በፊት ይሰካ፣ የቀዘቀዘው ይመለስ። እርግጥ «ይመለስ» የሚል ሥልጣን ያለው ሰው እዚያ መቆም አለበት።

«ዲች መጥረግ የሰኔ ሥራ ነው»

ሰኔ ላይ የተጠረገ ዲች ብዙውን ጊዜ ደለሉ ጠርዙ ላይ ተቆልሎ ይታያል። የሚቀጥለው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። ደለል ግማሹን የያዘው ክብ ቱቦ ግማሽ ውሃ ያሳልፋል ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው፤ የማሳለፊያው ቦታ ሲጠብና ውሃው የሚታከክበት ግድግዳ በአንጻሩ ሲበዛ አቅሙ ወደ ሲሶ ግድም ይወርዳል።

የሞንትሪያል አሠራር እዚህ ላይ ይጠቅማል። በረዶ ሊነሣ ሲል ብርቱካናማ የመኪና ማቆም ክልከላ ምልክት ቀድሞ ይተከላል፤ ከዚያ ጎታች መኪና ሳይረን እያሰማ ያልፋል፣ ያልተነሣውንም መኪና ወደ ቅርብ መንገድ ያዛውራል። በረዶው ተሰብስቦ በገልባጭ ከመንገዱ ይወጣል፤ ማከማቻ ቦታ ይደፋል ወይም ሞቅ ባለው የፍሳሽ መስመር ውስጥ ይጣላል። ትዕዛዙ፣ ጎታቹ፣ ጫኙ በአንድ ሌሊት ተከታትለው ነው የሚመጡት። መርካቶ ላይ ፍርግርጉ ላይ ቆሞ ዕቃ የሚያራግፍ መኪና ሳይነሣ የጽዳት ቡድን ቢላክ የሚጠረገው ክፍት የሆነው ብቻ ነው፤ ጎርፉ የሚቆመው ግን በተዘለለው ፍርግርግ ላይ ነው።

የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዝናቡም የሚከብደው ያኔ ነው። በአዲሱ በጀት የተጀመረ ግዥ ለዚያ ክረምት አይደርስም። ፊንላንድ የመንገድ ጥገናን ለተቋራጭ የምትሰጠው በብዛት ለ5 ዓመት ነው፤ ተቋራጩ በረዶው ሲመጣ ማሽኑን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ዘንድሮ ስንጥቅ ካልደፈነ ከርሞ የሚጎዳው ራሱ ስለሆነ ይደፍናል። ከማሽናቸው ይልቅ ይህ ውል ቢቀዳ እንመርጣለን።

«ሁሉም መንገድ እኩል መታየት አለበት»

ፍትሐዊ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ጩኸት የበዛበት መንገድ ቀድሞ መጠገኑ ነው። ስዊድንና ፊንላንድ መንገዶቻቸውን በትራፊክ ብዛት በደረጃ ከፍለው ለእያንዳንዱ ደረጃ በስንት ሰዓት እንደሚጠረግ አስቀድመው ጽፈዋል። ዝቅተኛ ደረጃ ያለው መንገድ እንደሚዘገይ ነዋሪው ያውቃል። ለመሐል ከተማ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚያስገቡት መንገዶችና የአውቶቡስ መስመሮች አንደኛ ሆነው በሰዓት ቢገደቡ፣ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ሦስተኛ ቢሆን የሚከፋው ይኖራል። ቢከፋም ሰዓቱ ከተጻፈ መጠየቅ ይቻላል።

«ያለ ሴንሰር አይሆንም»

ስዊድን በመንገድ ዳር የተተከሉ ከ700 በላይ የአየር ሁኔታ ጣቢያዎች አሏት፤ የአየሩ ሙቀት ብቻ በቂ ስላልሆነ የመንገዱን ወለል ሙቀትም ይለካሉ። ለጎርፍ ግን በቀለም የተሠመረ የከፍታ መለኪያ በቀበናና በጊንፍሌ ድልድዮች ምሰሶ ላይ፣ የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮ በየወረዳው ጣራ ላይ፣ ንባቡን በሰዓቱ የሚጽፍ ሰው ካለ ጥሩ ጅምር ነው። የጨው መበተኛ ማሽኖቻቸውም ቢሆኑ ወቅቱ ሳይገባ የሚፈተሹት በሚዛን ነው፤ በአንድ ደቂቃ የወረደው ጨው ይሰበሰባል፣ ይመዘናል። የእኛም የሬንጅ መርጫ መኪና እንዲሁ ባልዲ ተደቅኖበት ሊፈተሽ ይችላል።

«የሠለጠነ አገር ያደረገው ሁሉ ይበጀናል»

በጃፓኗ ናጋኦካ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከርሰ ምድር ውሃ በመንገዱ መሐል በተቀበረ ቧንቧ እየተረጨ በረዶ ያቀልጣል። ሥራውን ይሠራል፤ ግን በዚያው በኒጋታ ግዛት ውሃው ከመጠን በላይ በተሳበበት ስፍራ መሬቱ ሰምጧል፣ በውሃው ውስጥ ያለው ብረትም አስፋልቱን አቅልቶታል። መንገዱ እንዳያንሸራትት በበረዶው ላይ አሸዋ የሚበትኑ ከተሞች በጸደይ አቧራ ይበላሉ፣ ማንሆላቸውም ይሞላል። ጨው የድልድይ ብረት ይበላል።

አንዱ ነገር ግን ለእኛ በደንብ ይሆናል። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ባለ ብረት ጥርስ የበረዶ ጎማ አስፋልታቸውን ሲፍቀው፣ ትላልቅ ጠጠሮች እርስ በርስ ተደጋግፈው ክብደቱን የሚሸከሙበትን አስፋልት ሠሩ። ጎማው እ.ኤ.አ. በ1975 ቢታገድም አስፋልቱ ቀረ፤ የከባድ መኪና ጎማ የሚቀድደውን ቦይ ስለሚቋቋም። አውቶቡስ የሚቆምባቸውና መብራት ላይ ፍሬን የሚያዝባቸው እንደ ሜክሲኮና አራት ኪሎ ያሉ ቦታዎች ላይ ቢሞከር ተገቢ ነው። ሬንጁ ከ6 እስከ 7 በመቶ ስለሚሆን 0.3 በመቶ ያህል የሴሉሎስ ጭረት (ከዕፅዋት የሚገኝ ቃጫ) ይጨመርበታል። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ጭረቱ ከተተወ ሬንጁ በመንገድ ላይ እያለ ወደ ገልባጩ ወለል ይወርዳል፤ አስፋልቱም ሲነጠፍ አንዱ ቦታ ወዝ የወጣው፣ ሌላው ቦታ ደረቅ ጠጠር ይሆናል።