የአደባባይ ሙዚቃዊ ድራማ በደሴና በኮምቦልቻ

ሙዚቃዊ ድራማ ንግግር፣ ዘፈንና ውዝዋዜ አንድ ታሪክ ይዘው የሚሄዱበት የመድረክ ሥራ ነው። ደሴ ላይ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ግን «ኪነት ልናይ ነው» ይላል። አጠራሩ ከደርግ ዘመን የቀረ ነው፤ ያኔ ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ይቋቋም ነበር። ከነዚያ ሁሉ ስማቸው ከገነነው አንዱ የወሎው ላሊበላ ኪነት ነው፤ ማሪቱ ለገሰንና ዚነት ሙሐባን ያወጣው እሱ ነው።

ዘፈንን ከተውኔት ጋር ማጋባት ከዚያ ዘመን ይቀድማል። ዮፍታሔ ንጉሤ ጸሐፌ ተውኔትም የዜማ ሰውም ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርም፣ ጣሊያን ሊወር በተቃረበበት ወቅት፣ ሕዝቡን በንግግርና በዜማ የቀሰቀሰው አደባባይ ላይ ነው።

የወሎን ሥራ ከሌላው የሚለየው ቅኝቱ፣ ማለትም ዜማው የሚሠራበት የድምፆች አደራደር ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ ይሠራሉ፤ የድምፆቹ ርቀት ሲለያይ ግን ስሜቱ ሌላ ይሆናል። ሁለቱ ስማቸው የአገር ስም ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ያለች፣ የሰኞ ገበያዋ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን የሚያገናኝ ከተማ ናት። አምባሰል ደግሞ ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው ተራራማ አገር ነው። እዚህ ያደገ ተመልካች ቅኝቱ ሲለወጥ ታሪኩም መዞሩን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። የገበያው ግርግር በባቲ እየደመቀ ቆይቶ መሰንቆው ወደ ትዝታ ሲሻገር፣ ሊለያይ የተቃረበ ሰው መኖሩ ገና ቃል ሳይወጣ ይታወቃል። ለኔ የዚህ ጥበብ ትልቁ ሀብት ይህ ነው፤ ዘፈኑ ታሪኩን ለማስጌጥ የገባ አይደለም፣ ታሪኩን ራሱ ይናገራል።

ከፊት የተቀመጠ ሰው ይህን በዓይኑም ያያል። ክራር መቺው በሁለት ትዕይንቶች መካከል ጎንበስ ይላል፣ ጆሮውን ወደ ክራሩ ያስጠጋል፣ አንዱን ክር ያጠብቃል፣ ሌላውን ያላላል። በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ሲሞክር በአጠገቤ ያሉ ሰዎች ወሬ ያቆማሉ።

ሜዳ ላይ መሥራት የራሱ ጣጣ አለው። ግድግዳና ጣሪያ ስለሌለ ድምፅ አይመለስም፤ ንፋስ ከተነሣ ዋሽንቱ ይጠፋል፣ ከበሮው ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ማይክሮፎኑ ከመሣሪያዎቹ አጠገብ ይተከላል፣ ተዋናዩም ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሮና ረገጥ አድርጎ ይናገራል። እስክስታው ግን ሜዳውን ይወዳል፤ የትከሻውና የአንገቱ እንቅስቃሴ ከሩቅ ቆሞ ለሚያየውም ይደርሳል። ክረምት ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ወቅቱ በጋ ነው።

ተመልካቹ ዝም ብሎ አይቀመጥም። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ ዘፋኟ ግንባር ላይ ብር መለጠፉ የትዕይንቱ አካል ነው። አዝማቹን ሕዝቡ ይቀበላል፤ ጥሩ ተዋናይ ለዚህ ጊዜ ይሰጣል፣ የማይሰጥ ደግሞ የራሱን ትዕይንት ያበላሻል። እንዲህ ያለውን ነገር ብቻውን የሚያይ ሰው የለም ማለት ይቻላል። እኔና ጓደኛዬ የምንወደውን አንድ ሥራ ስንት ጊዜ እንዳየነው መቁጠር ትተናል። ሙሽራዪቱ ከእናቷ ቤት ስትወጣ አምባሰሉ እንደሚመጣ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን ገና የመጀመሪያው ድምፅ ሲሰማ ጓደኛዬ ክንዴን ጭምቅ ታደርገዋለች፣ እኔም እንባዬ ይመጣል። ያን ሰዓት አጠገቤ እሷ ባትኖር ዘፈኑ ግማሽ ይሆንብኛል።

ሁለቱ ከተሞች ቅርብ ለቅርብ ቢሆኑም ምሽታቸው አይገናኝም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስላለች ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ እንደገባች ብርዱ ይወርዳል፤ ትዕይንቱ ከሰዓት በኋላ ካልተጀመረ መጨረሻው ላይ ሰዉ ጋቢ ውስጥ ይገባል፣ ለሁለት አንድ ጋቢ የሚለብሱም አሉ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ግን አየሩ ሞቅ ያለ ነው፤ እዚያ ነጠላ ይበቃል፣ ሰዉም መብራት በርቶ አዝማቹን እየዘፈነ ያመሻል።