ሰርተፊኬት አለኝ የሚል ሁሉ፦ ስለ ሴክሶሎጂካል ቦዲወርክ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ የምትኖር ጓደኛዬ ቡና እየጠጣን ስልኳን አቀበለችኝ። ማስታወቂያ ነው። «ሰርተፋይድ ሴክሶሎጂካል ቦዲወርከር» ይላል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ይሄ የእውነት ሙያ ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው?» አለችኝ። ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ሰው አልነበረም። ስለ ወሲብ በአማርኛ ሲወራ ግን ድምፅ ራሱ ይወርዳል።

ሙያ ነው። ሰው ስለ ሰውነቱና ስለ ወሲብ ስሜቱ በትንፋሽ፣ በእንቅስቃሴና በንክኪ እንዲማር የሚረዳ አሠራር ነው። ደንበኛው ከፈቀደ ንክኪው ብልትንም ሊጨምር ይችላል። ያስጀመረው ጆሴፍ ክሬመር የሚባል አሜሪካዊ ነው። ከዚያ ቀደም፣ በ1984 (በፈረንጆቹ)፣ እዚያው ኦክላንድ ቦዲ ኤሌክትሪክ የሚባል ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ሙያ መሆኑ ግን ማንንም አምኖ መግባት ይቻላል ማለት አይደለም።

«ካሊፎርኒያ አጽድቃዋለች፤ ስለዚህ ላይሰንስ አላቸው»

የለም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የዘርፉ ሰዎች «በ2003 (በፈረንጆቹ) በካሊፎርኒያ ጸድቋል» ሲሉ ትሰማላችሁ። እውቅና ያገኘው ሥልጠናው ነው። ትምህርቱ መጽደቁና ለሰውየው የመንግሥት ፈቃድ መሰጠቱ ለየቅል ናቸው።

ሐኪም፣ ነርስና ፊዚዮቴራፒስት የሚቆጣጠራቸው ቦርድ አላቸው። ስማቸውን ኢንተርኔት ላይ አስገብታችሁ ላይሰንሳቸው ይሠራ እንደሆነ፣ ተቀጥተው እንደሆነ ማየት ትችላላችሁ። ቦዲወርከር እንዲህ ያለ ቦርድ የለውም። ሰርተፊኬቱን የሚሰጠው ያሠለጠነው ትምህርት ቤት ነው። የሙያ ማኅበር አለ፣ የሥነ ምግባር ደንብም አለው። ግን ማኅበር ከአባልነት ይሰርዛል እንጂ ላይሰንስ አይነጥቅም። የሌለ ላይሰንስ ከየት ይነጠቃል?

ማሳጅ የመሥራት ፈቃድ አለኝ ማለትም አያድንም። በካሊፎርኒያ ሕግ በማሳጅ ሰርተፊኬት የሚሠራ ሰው ብልት ማሸት አይፈቀድለትም። ሌሎች ግዛቶችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ኦክላንድ የሚሠራው ነገር ዳላስ፣ ቴክሳስ ላይ ሊያስጠይቅ ይችላል።

ስለዚህ ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ። የት ተማርክ? ስንት ወር? በአካል ነው ወይስ በዙም ብቻ? የየትኛው ማኅበር ደንብ ነው የሚገዛህ? ቅሬታ ቢኖረኝ ለማን ነው የማቀርበው? በተለይ በመጨረሻው ጥያቄ የተቆጣ ሰው መልሱን ሰጥቷችኋል።

«ያው የወሲብ ቴራፒስት ነው»

አይደለም። የወሲብ ቴራፒስት ያናግራል፣ የቤት ሥራ ይሰጣል፣ አይነካም። የካሊፎርኒያ መንግሥት «ቴራፒ መቼም ወሲብን አይጨምርም» የሚል ቡክሌት እስከማሳተም ደርሷል። ቴራፒስት ነኝ የሚል ሰው ልብስሽን አውልቂ ካለሽ ቦርሳሽን አንስተሽ ውጪ።

«ንክኪ ካለ ሁለቱም ይነካካሉ ማለት ነው»

ሰው በሹክሹክታ የሚጠይቀው ይሄንን ነው። በሙያው ደንብ መሠረት ባለሙያው ልብሱን አያወልቅም። ንክኪው ከእሱ ወደ ደንበኛው ብቻ ነው። ብልት የሚነካ ከሆነ ጓንት ያደርጋል። ከደንበኛው ጋር የፍቅር ግንኙነት የሚባል ነገር የለም። «ከአንቺ ጋር ግን የተለየ ስሜት ተሰማኝ» የሚል ሰው ሙያውን ትቶ ሌላ ሥራ ጀምሯል።

«ከፍዬ፣ ተስማምቼ፣ መሃል ላይ እንዴት አቁም እላለሁ?»

እኛን በተለይ የሚመለከተን ይሄ ነው። ይሉኝታ ይዞን ያልጠገብነውን ጠገብን፣ የጠገብነውን ድገሙኝ የምንል ሰዎች ነን። ምግብ ላይ ሲሆን ያስቃል። የማሳጅ ጠረጴዛ ላይ ተጋድማችሁ ሲሆን አያስቅም።

ጥሩ ባለሙያ ይሄን ስለሚያውቅ ከትንሹ ይጀምራል። መጀመሪያ ቀን ልብስ እንደተለበሰ ወሬ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከዚያ «ክንድሽን ልንካ?» ይላል። ሆን ብሎ እምቢ እንድትዪም ያለማምድሻል። በእያንዳንዱ እርምጃ እንደገና ይጠይቃል። ዝም ማለትን እሺ ብሎ አይቆጥርም፤ ሰው ሲደነግጥ ድምፁ ሊጠፋ እንደሚችል ያውቃል። ዛሬ የተፈቀደው ለሚቀጥለው ቀጠሮ አይሠራም። «ዘና በይ እንጂ፣ ይሄ እኮ ውጥረትሽ ነው» እያለ የሚገፋ ሰው ግን፣ መቶ ሰርተፊኬት ቢሰቅል፣ ደህና ሰው አይደለም። የከፈላችሁት ብር እዚያው ይቅር።

«ሴት ከሆነች ችግር የለውም»

ሴት ብትሆን አንዳንዱን ሰው ያቀለዋል፣ እውነት ነው። ጥያቄዎቹ ግን አይቀነሱም።

«የአእምሮ ጉዳይ ነው፣ ሐኪም ምን ያደርጋል?»

በግንኙነት ጊዜ የሚመጣ ሕመም ከኢንፌክሽን፣ ከኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጪ የሚያድግበት በሽታ)፣ ከግርዛት ጠባሳ፣ ወር አበባ ከቆመ በኋላ ከሚመጣ ድርቀት ሊሆን ይችላል። የወንድ ብልት አልቆም ማለት የስኳር ወይም የደም ሥር በሽታ የመጀመሪያ ምልክት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ልብንም ማስመርመር ያስፈልግ ይሆናል። ይሄን በትንፋሽ ልምምድ አያገኙትም።

የዳሌ ወለል ጡንቻ (ማህፀንንና ፊኛን ከታች የሚደግፈው) ሳይፈልጉት እየተኮማተረ ግንኙነት የሚከለክላቸው ሴቶችም አሉ። ለእነሱ በዚህ ጡንቻ ላይ የሠለጠኑ ፊዚዮቴራፒስቶች አሉ። ላይሰንስ አላቸው፣ ብዙ ጊዜ ኢንሹራንስም ይከፍላል። ለምን ይሄንን ቀድሞ የሚነግረን ሰው እንደሌለ አይገባኝም። ቦዲወርከር «አድንሻለሁ» ካለ ከመስመር ወጥቷል፤ ሥራው ማስተማር እንጂ ማከም አይደለም።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ማስታወቂያው ላይ ወዳለችው ቦዲወርከር ደወለች። ስፒከር ላይ አድርጋ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጠየቀች። ሴትየዋ ሳትቆጣ መለሰች። ከዚያ በተራዋ «የሚያምሽ ከሆነ ሐኪም አይቶሻል?» አለቻት። አላያትም። «እንግዲያው መጀመሪያ እዚያ ሂጂ፣ እኔ የትም አልሄድም» ብላ ዘጋች። የማህፀን ሐኪም ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። ብቻዬን አልገባም ስላለች አብሬያት እሄዳለሁ።