አብሮ የታሸገ ላይብረሪ ወይስ የሲስተሙ?

ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም የዌብፒ ምስል ለመክፈት ሊብዌብፒ የተባለውን ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ይፈልጋል እንበል። ወይ ሲስተሙ ላይ አንዴ የተጫነውን ከሌሎች ጋር ይጋራል፣ ወይ ሠሪው የራሱን ቅጂ አብሮ አሽጎ ይልከዋል።

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ሊብዌብፒ ውስጥ አደገኛ የሜሞሪ ስህተት ይፋ ሆነ፤ እርማቱ በስሪት 1.3.2 ወጣ። የሲስተሙን ለሚጋሩ ፕሮግራሞች አንድ ፓኬጅ (የሚጫን የሶፍትዌር ጥቅል) ማደስ በቃ። (የተከፈተ ፕሮግራም ግን ተዘግቶ እስኪከፈት ድረስ አሮጌውን ሜሞሪ ውስጥ እንደያዘ ይቆያል፤ ይህን ብዙዎች ይረሱታል።) ኤሌክትሮን በተባለው የፕሮግራም መሥሪያ የተሠሩት ደግሞ ክሮሚየም የተባለውን ብራውዘር ከነላይብረሪዎቹ አሽገው ስለሚመጡ እያንዳንዳቸው ለየብቻ መታደስ ነበረባቸው።

ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ደንብ ላይብረሪው በፓኬጅ ካለ የታሸገውን ቅጂ አትጠቀሙ የሚለው ለዚህ ነው። ሌላው የሊኑክስ ስርጭት ፌዶራ ማሸግን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የታሸገው ላይብረሪ ስም ስፔክ ፋይሉ (የፓኬጁ አሠራር የሚጻፍበት ፋይል) ላይ መመዝገብ አለበት። ያለዚህ ምዝገባ ቀዳዳው የት የት እንዳለ ማወቅ ከባድ ነው።

ሠሪው ላይብረሪውን ለራሱ ቀይሮት ከሆነና ፕሮግራሙ በሲስተሙ ስሪት የማይሠራ ከሆነ ማሸጉ ተገቢ ነው። «አዲሱ ስሪት ይሻለኛል» ማለት ብቻውን ግን በቂ ምክንያት አይደለም።

ላይብረሪው መታሸጉን ለማጣራት ኤልዲዲ (ldd) የሚለውን፣ ፕሮግራሙ የሚጋራቸውን ላይብረሪዎች ከነአድራሻቸው የሚዘረዝር ትእዛዝ በፕሮግራሙ ፋይል ላይ ያሂዱ፤ የማያምኑት ፋይል ላይ ግን አይሞክሩት። የላይብረሪው አድራሻ የፕሮግራሙ የራሱ ፎልደር ከሆነ ታሽጓል። ስሙ ጭራሽ ካልታየ እዚያው ፋይሉ ውስጥ ተዋህዶ ሊሆን ይችላል።