በኦሃዮ የኦንላይን ቻርተር ትምህርት ቤት ከቤተሰብ የሚጠበቀው

በአሜሪካ ኦሃዮ ስቴት የኦንላይን ቻርተር ትምህርት ቤት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ “ቻርተር” የሚባለው ከአካባቢው የትምህርት አስተዳደር ውጭ ራሱን ችሎ ስለሚመራ ነው። ወጪው የሚሸፈነው ከግብር ነው፤ ወላጅ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። መምህራኑ የስቴቱ የማስተማር ፈቃድ አላቸው። ልጁ እንደማንኛውም የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ የስቴቱን ፈተና ይወስዳል፤ ሲጨርስም ዲፕሎማ ያገኛል። ልዩነቱ ትምህርቱ የሚሰጠው ቤት ውስጥ መሆኑ ነው። በስቴቱ ሕግ ቻርተር ትምህርት ቤቶች “ኮሚዩኒቲ ስኩል” ይባላሉ። የኦንላይኖቹን ግን ሰው በአጭሩ “ኢ-ስኩል” ነው የሚላቸው።

ብዙ ወላጅ ይህንን ከሆምስኩሊንግ ጋር ያምታታዋል። በሆምስኩሊንግ ወላጁ ራሱ የትምህርቱ ባለቤት ነው፤ መጽሐፉን ይመርጣል፣ ያስተምራል። በኢ-ስኩል ግን ሥርዓተ ትምህርቱ፣ መምህሩ፣ ውጤቱ፣ ፈተናው ሁሉ የትምህርት ቤቱ ነው። ለቤተሰቡ የሚቀረው የየዕለቱ ክትትል ነው። ይሄ ቀላል ነገር ይመስላል። ዋናው ሸክም ግን እዚህ ላይ ነው ያለው። ትምህርቱ ነፃ ነው ተብሎ የሚፈረመው ወረቀት የአንድን አዋቂ ሰው የቀን ጊዜ ይጠይቃል። ይህንን አውቆ የገባ ቤተሰብ ብዙ ይጠቀማል። ሳያውቅ የገባው ደግሞ ወሩ ሳያልቅ ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጋር ይፋጠጣል።

ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ የመጀመሪያውን የቻርተር ትምህርት ቤት ሕግ ያወጣችው ሚኒሶታ ናት፣ 1991 ላይ። ኦሃዮ በ1997 ተከተለች። በ2000 “ኤሌክትሮኒክ ክላስሩም ኦፍ ቱሞሮው” የተባለው የኦንላይን ትምህርት ቤት በስቴቱ ዋና ከተማ በኮሎምበስ ሥራ ጀመረ። ሰዉ በምህጻሩ “ኢኮት” ይለው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦሃዮ ቨርቹዋል አካዳሚ፣ በ2003 ደግሞ ኦሃዮ ኮኔክሽንስ አካዳሚ መጡ።

የኢኮትን ታሪክ ሳያውቁ የዛሬዎቹን ደንቦች መረዳት ይከብዳል። ትምህርት ቤቱ በጣም አደገ። ለ2015–16 የትምህርት ዘመን ከ15,000 በላይ ተማሪ አለኝ ብሎ በዚያ ልክ ገንዘብ ተቀበለ። ስቴቱ ግን “ልጆቹ በእርግጥ ስንት ሰዓት እንደተማሩ አሳዩኝ” አለ። መዝገቡ ሲታይ ማስረጃ የተገኘው ለ6,300 ያህል የሙሉ ጊዜ ተማሪ ብቻ ነው። ስቴቱ የ60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይመለስልኝ ጥያቄ አቀረበ። ትምህርት ቤቱ “ትምህርቱን ማቅረብ እንጂ ተማሪው መከታተሉን ማስረዳት ግዴታዬ አይደለም” ብሎ ተከራከረ። በጥር 2018፣ በዓመቱ አጋማሽ፣ በሩን ዘጋ። ወደ 12,000 የሚጠጉ ልጆች በአንድ ጊዜ ሌላ ትምህርት ቤት ፍለጋ ተበተኑ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለስቴቱ ፈረደ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ በማስረጃ ሆነ። ዛሬ አንድ ኢ-ስኩል ወላጅን በሰዓት መዝገብ የሚጨቀጭቀው በዚህ ምክንያት ነው። ያልተመዘገበ ሰዓት እንዳልተማሩት ነው የሚቆጠረው።

የሰዓቱ ስሌት እንዲህ ነው። ኢ-ስኩል በዓመት ቢያንስ 920 ሰዓት ትምህርት ማቅረብ አለበት። በአንድ ቀን ውስጥ ለአንድ ልጅ ከ10 ሰዓት በላይ አይቆጠርም፤ ስለዚህ የሳምንቱን ትምህርት ቅዳሜ ሌሊት በአንድ ጊዜ መጨረስ አይቻልም። ልጁ ያለ በቂ ምክንያት በተከታታይ 72 ሰዓት ትምህርት ካመለጠው ትምህርት ቤቱ ከመዝገብ የመሰረዝ ግዴታ አለበት። ይህ ግዴታ ነው፤ ዳይሬክተሯ ደግ ሴት ብትሆንም ሕጉን ማለፍ አትችልም። 72 ሰዓት ስንት ቀን ነው? የተለመደው የትምህርት ቀን አምስት ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ ወደ 14 የትምህርት ቀናት ይመጣል። ሦስት ሳምንት አይሞላም።

ይህ ቁጥር በተለይ የእኛን የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይመለከታል። ለለቅሶ ወይም ለሠርግ አገር ቤት መሄድ አለ። አንዴ አትላንቲክን ከተሻገሩ ደግሞ ማንም በሁለት ሳምንት አይመለስም። “ኦንላይን ነው፣ አዲስ አበባም ሆኖ ይማራል” ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ የኦሃዮ ትምህርት ቤት ነው፤ ተማሪውም የኦሃዮ ነዋሪ መሆን አለበት። የትምህርት ቤቱን ላፕቶፕ ከአገር ማውጣት ይቻል አይቻል ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚያመልጠው ሰዓት መዝገቡ ላይ ባዶ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ለትምህርት ቤቱ በኢሜይል መጻፍና መልሱን በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። በስልክ “ችግር የለውም” መባል በቂ አይደለም።

የሚቆጠረው ሰዓት ኮምፒውተር ላይ የተቀመጡበት ብቻ አይደለም። ይህንን የማያውቁ ወላጆች ብዙ ሰዓት ያባክናሉ። የአራተኛ ክፍል ልጅ አንድ ማክሰኞ እንውሰድ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ገብታ ከመምህሯ ጋር የቀጥታ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ትከታተላለች። ከዚያ ላፕቶፑ ተዘግቶ አርባ አምስት ደቂቃ የወረቀት መጽሐፍ ታነባለች። ከሰዓት በኋላ ለሳይንስ ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ውስጥ አስቀምጣ ያየችውን ደብተሯ ላይ ትስላለች፤ ቀጥሎም የተሰጣትን ሥራ ፎቶ አንስታ ትልካለች። ይሄ ሁሉ ትምህርት ነው፤ ሁሉም ይቆጠራል። ሥርዓቱ ግን በራሱ የሚያውቀው ገብታ የቆየችበትን ጊዜ ብቻ ነው። ንባቡንና ባቄላውን የሚያስመዘግበው ቤት ያለው አዋቂ ነው፣ በዚያው ቀን። በሳምንቱ መጨረሻ ከትዝታ የተሞላ መዝገብ ስህተት ይበዛበታል፤ ትምህርት ቤቱም ያንን ያውቃል።

ይህ አዋቂ “ለርኒንግ ኮች” ይባላል። ብዙውን ጊዜ እናት ወይም አባት ናቸው፤ አያት፣ አክስት ወይም ቤተሰቡ የሚያምነው ሌላ ሰው ሊሆንም ይችላል። ሥራው ማስተማር አይደለም። ልጁን በሰዓቱ መቀስቀስ፣ ማስገባት፣ አጠገቡ መሆን፣ ሥራው መላኩን ማየት፣ የመምህሩን ስልክ ማንሳት፣ ሰዓቱን መመዝገብ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ አምስተኛ ክፍል ላሉ ልጆች ይህ የሙሉ ቀን ሥራ ነው ማለት ይቻላል። የሰባት ዓመት ልጅ ብቻውን ስክሪን ፊት ተቀምጦ አይማርም። ከፍ ሲል ይቀልላል፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ራሱን ይመራል፣ ወላጅ ውጤቱንና መዝገቡን ይቆጣጠራል።

እዚህ ላይ በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ኮሎምበስ ውስጥ ካሉት ኢትዮጵያውያን ወላጆች ብዙዎቹ በፈረቃ ነው የሚሠሩት። እናት ሌሊቱን አረጋውያን ስትንከባከብ አድራ ጠዋት ትገባለች፤ አባት መጋዘን ወይም መኪና ላይ ነው። ከሌሊት ፈረቃ የገባች እናት ሦስት ሰዓት ላይ የልጇን ክፍል መጠበቅ አትችልም፤ እንቅልፍ ያሸንፋታል። ትልቁ ልጅ ትንሹን ይይዛል ማለትም መፍትሔ አይደለም፤ እሱም የራሱ ክፍል አለው። ቤት ውስጥ ቀን ቀን ነቅቶ የሚቆይ አዋቂ ከሌለ፣ ለትንንሽ ልጆች የሰፈሩ ትምህርት ቤት ይሻላል። ይህንን ስል ኢ-ስኩልን መጥላቴ አይደለም። በጉልበተኛ ልጆች ለተሠቃየ፣ ሕክምና ላለበት፣ ክፍል ውስጥ ጫጫታ ለሚያስጨንቀው ልጅ ትልቅ እፎይታ ነው።

ጥናቱም ጥንቃቄን ይመክራል። ክሬዶ የተባለው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ጥናት ማዕከል በ2015 ባወጣው ጥናት የአሜሪካ የኦንላይን ቻርተር ተማሪዎችን በመደበኛ ትምህርት ቤት ከሚማሩ አቻዎቻቸው ጋር አነጻጽሯል። በዓመት ውስጥ በንባብ የ72 ቀን፣ በሒሳብ ደግሞ የ180 ቀን ትምህርት ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። 180 ቀን አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን ነው። ይህ አማካይ ነው፤ ጎበዝ ሆነው የሚወጡ ልጆች አሉ። ለሒሳብ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ልዩ ትኩረት መስጠት ይገባል።

ኮምፒውተሩን የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ነው። በኦሃዮ ሕግ እያንዳንዱ የኢ-ስኩል ተማሪ ኮምፒውተር የማግኘት መብት አለው። አንድ ቤት ውስጥ ብዙ ልጆች ካሉ ትምህርት ቤቱ “አንዱን ይጋሩት” ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ወላጅ ተስማምቶ ሲፈርም ብቻ ነው። ሦስት ልጆች በአንድ ላፕቶፕ መቼም አይሆንላቸውም። ፈርመው ከሆነም ሐሳብዎን መቀየር ይችላሉ፤ ትምህርት ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ተጨማሪውን ማቅረብ አለበት። በኮምፒውተር ፋንታ ገንዘብ መስጠት የተከለከለ ነው። ማሽኑ ላይ ጎጂ ድረ ገጾችን የሚያግድ ማጣሪያ ይኖራል፤ እሱን ለማጥፋት መሞከር ቅጣት ያመጣል። ዕቃው ንብረትነቱ የትምህርት ቤቱ ስለሆነ ሲሰበር ወይም ሲጠፋ ወዲያው ማሳወቅ ነው።

ምሳና አውቶቡስ የሉም። ልጁ ትምህርት ቤት ያገኝ የነበረው ነፃ ምሳ ከቤት በጀት ይወጣል፤ ይሄ በወሩ መጨረሻ የሚሰማ ወጪ ነው። ስፖርት ግን አይቀርም። ትምህርት ቤቱ ያንን ስፖርት ካልሰጠ፣ ልጁ በሚኖርበት ዲስትሪክት (የአካባቢው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስተዳደር) ቡድን ውስጥ መጫወት ይችላል።

የስቴቱ ፈተና ብዙውን ጊዜ በአካል ነው የሚሰጠው። ትምህርት ቤቱ ከመኖሪያ ቤት በ50 ማይል ክልል ውስጥ የፈተና ቦታ ማዘጋጀት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ሆቴል አዳራሽ ወይም ቤተ ክርስቲያን ይከራያል። ልጁን ማድረስ የወላጅ ድርሻ ነው። ፈተናው የተለያየ ቀን ስለሚወስድ ከአሠሪ ፈቃድ ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለት ዓመት በተከታታይ ያልተፈተነ ተማሪ በትምህርት ቤቱ መቀጠል አይፈቀድለትም። ቤት ውስጥ አማርኛ የሚነገርባቸውና እንግሊዝኛ ገና በመማር ላይ ያሉ ልጆች በተጨማሪ ኦልፓ የተባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና በየዓመቱ ይወስዳሉ። በምዝገባ ጊዜ “ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው?” ለሚለው ጥያቄ እውነቱን መመለስ ልጁን አይጎዳውም፤ ድጋፍ የሚያገኘው በዚያ በኩል ነው።

ግዴታው የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በትውልድ አገር ምክንያት እንዳያዳላ ያዛል። ስለዚህ ወላጅ እንግሊዝኛ በደንብ ካልገባው አስፈላጊ መረጃ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ክፍያ የለውም። ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ ልክ አይደለም፣ በተለይ ስለ ራሱ መቅረት ወይም ውጤት ሲወራ። ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ በኢ-ስኩልም መብቱ ያው ነው፤ በአካል ሲማር ያገኘው የነበረው የንግግር ወይም የሌላ ሕክምና በቪዲዮ ወይም በአካል እንዴት እንደሚቀጥል ከመፈረም በፊት መወሰን አለበት። የልጁን መዝገብ ማየት ከፈለጉም ይጠይቁ። በ1974ቱ የፌዴራል ሕግ መሠረት ትምህርት ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ ያሳይዎታል። የሰዓቱ መዝገብ ከእርስዎ ማስታወሻ ጋር ካልገጠመ ይህ መብት በጣም ይጠቅማል።

አድራሻ ሲቀየር ወዲያው ማሳወቅ ግዴታ ነው። የኪራይ ውል ወይም የመብራት ሂሳብ ያስፈልጋል። በዘመድ ቤት ተጠግተው የሚኖሩ ቤተሰቦች በስማቸው ሂሳብ ስለሌላቸው ይጨነቃሉ፤ እንዲህ ያለውን ሁኔታ የሚመለከት የፌዴራል ሕግ ስላለ ሳይደብቁ መናገር ነው። የኢሚግሬሽን ወረቀት ግን የምዝገባ መስፈርት አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ልጆች በዚህ ምክንያት ከመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይከለከሉ ወስኗል።

ትምህርት ቤቱ ለልጁ ካልተስማማው መውጣት ይቻላል፣ በዓመቱ አጋማሽም ቢሆን። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። መጀመሪያ በሰፈሩ ዲስትሪክት ወይም በሌላ ትምህርት ቤት ይመዝገቡ፤ ከዚያ ነው ኢ-ስኩሉን በጽሑፍ ማሰናበት። መሃል ላይ የትም ያልተመዘገበ ልጅ እንደ ቀሪ ይቆጠራል። ላፕቶፑን፣ ቻርጀሩንና መጻሕፍቱን ሲመልሱ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ በፖስታ ከላኩ መከታተያ ቁጥሩን ያስቀምጡ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከሆነ ደግሞ ያለቁትና ያላለቁት ኮርሶች ተለይተው የተጻፉበት ትራንስክሪፕት እጅዎ ሳይገባ ፋይሉን አይዝጉ።