«ግማሹ ድብርት አለበት» ሲባል

እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ፣ ኮሮና ቻይናን ሲያስጨንቅ፣ 1,257 የጤና ባለሙያዎች ተጠይቀው 50.4 በመቶው የድብርት ምልክት ታየባቸው። ግማሹን ሐኪም መርምሮ «ድብርት ነው» አለ ማለት ግን አይደለም።

መለኪያው ፒኤችኪው-9 የሚባል መጠይቅ ነው። ስላለፉት 2 ሳምንታት 9 ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ። ከ5 ጀምሮ «ቀላል ምልክት» ይባላል፤ ጠበቅ ያለ ምርመራ የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ከ10 ጀምሮ ነው።

እስቲ ድንገተኛ ክፍል አዳር የምትሠራ ነርስ ትሙላው። እንቅልፍ? 3። ድካም? እሱማ ምኑ ይጠየቃል፣ 3። በቃ፣ ተስፋ መቁረጥ ላይ 0 ብትል እንኳ 6 ሆነች።

«ድካም ነው» ብሎ መናቅም ያው ስህተት ነው። በተለይ 9ኛው ጥያቄ፣ ሞትን ስለመመኘት የሚጠይቀው፣ 1 እንኳ ከተሞላበት ድምሩን ተዉት፤ ወዲያው ባለሙያ ያናግራት።